ገመድ ያልተሳበለት ጠመንጃ

ጠመንጃው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ለቀስተኛው የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ሰደፉን ይዳብሳል፣ በአፈሙዙ አጮልቆ ያያል፣ ራሱን እየነቀነቀ ለጎኑ ያቀብላል። ሞረዴ ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ሆና እያንዳንዱን እጅ በዓይኗ ትከተላለች።

ሞረዴ ያላት አባቷ ነው። ልጅ ሳለች ሞረድ ከእጇ አይጠፋም ነበርና በዚያው ቀረ። አባቷ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ እሷም እያገዘችው አደገች፣ እያገዘችው ሠላሳ ዓመት አለፋት። አሁን እሱ ተቀብሮ ሰው ስሙን እያነሳ ያመሰግናል። ለቅሶ ቤት መቼም ሟች ሲመሰገን ይዋላል፤ በሕይወት ሳለ በደጁ ሲያልፍ ሰላም ያላለው ሁሉ ሳይቀር።

«እዩት እስቲ! ከመጋዘኔ ሲወጣ እኮ የዛገ ቧንቧ ነበር» አለ አጎቷ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን በከባድ መኪና ላይ የፈጀ ሹፌር ስለሆነ ሲያወራ አሁንም ከሞተር ጋር የሚፎካከር ይመስላል። «የአባታችን ጠመንጃ ነው። ባሩዱንም ዓረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ የጥንት። ነገ ለቅሶው ሲበተን መቃብሩ ላይ አንዴ ተኩሼ እሰናበተዋለሁ።»

«ኧረ ይቅርብዎት ጋሼ» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ። «እዚያ የተኙትን ሁሉ ሊቀሰቅሷቸው ነው?»

አንዳንዱ ሳቁን በእጁ ሸፈነ።

«እሱ ራሱ እኮ ነው ያለኝ! አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት ደውሎ ‹አልቋል፤ መጥተህ ውሰድና ተኩስበት› አለኝ። በገዛ አፉ! እኔ ነኝ መንገድ ይዞኝ የዘገየሁት።»

ሞረዴ ሻዩ ትን አላት።

አባቷ እሷ ገመድ ሳትስብ ማንንም ተኩስ ብሎ አያውቅም። የጠገነውን ጠመንጃ ሁሉ መጀመሪያ ከአሮጌ ጎማ ጋር ጠፍሮ ያስረዋል። ባሩዱን እጥፍ አድርጎ ያጎርሰዋል። ከምላጩ ላይ ረጅም ገመድ ያስርና ሁለቱም ከግንቡ ጀርባ ይሄዳሉ፤ ጆሮውን ይዞ «ሳቢ!» ይላታል። «የሚፈነዳ ከሆነ ጎማው ላይ ይፈንዳ፤ ጎማ የሚያለቅስለት ዘመድ የለውም» ይል ነበር። ለዚህኛው ጠመንጃ ግን ገመድ አልሳበችም። አልጠራትም።

ጠመንጃው የመጣ ዕለት ዝገቱን የጠረገችው እሷ ናት። መጋዘኑ ሲያፈስበት ኖሮ፣ ባሩዱ ከሚነድበት ቦታ ላይ ዝገቱ ሲላጥ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ብቅ አለ። ቀዳዳው ተኳሹ ጉንጩን ከሚያሳርፍበት ፊት ለፊት ነው። አባቷ አገላብጦ አየውና «ይሄ እንኳን ባሩድ ውሃም አይይዝ። አዲስ አፈሙዝ ካልተሠራለት ቦታው ግድግዳ ላይ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይሠራው ጀመር። እሷም የአባቱ ንብረት ስለሆነ ይሆናል፣ ናፍቆት ይዞት ይሆናል ብላ ተወችው።

«እኔን የሚገርመኝ ግን የሟቹ ሆድ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አጎትዬው ሲጋራ ሊያጨስ ወደ ደጅ እንደወጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አጠገቧ ላለች አዲስ እንግዳ ነበር የምትነግራት። «አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፤ የዚች ታላቅ። ለአጎቱ ረዳት ሆኖ በመኪና ሲሄዱ ሰውዬው ጠጥቶ፣ እንቅልፍ ጥሎት ገደል ከተታቸው። ልጁ ቀረ፣ እሱ ወጣ። እዚሁ ቤት፣ በልጁ ለቅሶ ላይ፣ አባትየው ብድግ ብሎ ወንድሙን አቅፎ ‹ይቅር ብዬሃለሁ› አለ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሱ ግን ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።»

ሞረዴም ያን ቀን ታስታውሳለች፤ በአባቷ ኮርታ ነበር። ከዚያም በኋላ አጎቷ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ወንድማማቾቹ አብረው ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። እንግዳው ሲሄድ ግን አባቷ ወደ ሥራ ቤቱ ይገባና አንድ ቁራጭ ብረት በሞርሳው መንጋጋ አጥብቆ ይሞርዳል። «ምን እየሠራህ ነው አባዬ?» ስትለው «ምንም» ይላል። እውነቱን ነበር፤ ብረቱ አልቆ ብናኝ እስኪሆን ይሞርደዋል እንጂ ምንም አይሠራበትም።

ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች።

«ጋሼ፣ ጠመንጃውን ይስጡኝማ፤ ዘይት ልቀባው።»

«ተባረኪ። የእጁን ሙያ ለነገ አሳምሪልኝ።»

ሥራ ቤቱ አባቷ እንደተወው ነው፤ መጋረጃው ገለጥ ብሎ የከሰዓቱ ፀሐይ ሞርሳው ላይ አርፏል። ጠመንጃውን አሰረችው። ጠቁሮ፣ ተወልውሎ፣ ስፌት እንኳ የማይታይበት። ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈቀፈቀችው። ጥፍሯ ሰረሰረው፤ ብረት ደግሞ በጥፍር አይሰረሰርም። እርሳስ ነው። አባቷ ቀዳዳውን በእርሳስ ደፍኖ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶታል።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አባቷ የሚያቻኩለው ሥራ፣ የሚያታልለው ደንበኛ አልነበረውም። ይህ የአንድ ሰው ፊት የሚገነጥል ሥራ ነው፤ ለአንድ ሰው ተብሎ በጥንቃቄ የተሠራ። ያ ሁሉ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያወድሰው አባቷን ነው፤ ይህን የሠራውም አባቷ ነው።

ዝም ማለት ትችላለች። ዘይት ቀብታ ብትመልስለት ይበቃል፤ ነገ አጎቷ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያሳርፋል፣ ሰው ሁሉ አደጋ ነው ይላል። የአባቷ ስም እንዳማረ ይቀራል። ወንድሟ ትዝ አላት፤ የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አድርጎ እጁን እያውለበለበ የሄደበት ጠዋት። እጇ የዘይቱ ጣሳ ላይ አርፎ ቆየ። እንዲህ ማሰቧ ራሷን አስፈራት፤ በዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንዲሁ ያሰበ ሰው ነበራ።

ጣሳውን ትታ የመበየጃውን እሳት ለኮሰች።

ቀለሙ ተንጨረጨረ። ከዚያ እርሳሱ አብለጭልጮ አላበው፣ ተንጠባጥቦም ሞርሳው ላይ ወረደ። ቀዳዳው ያ ራሱ ነው፣ አልጠበበም።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

አጎቷ በሩ ላይ ቆሟል። እሳቱን አጠፋችው። ከፊቱ ዞር አለችለት። ቀርቦ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየው፤ ከሥሩ የረጋውን እርሳስ አየው። በሕይወቱ ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ነውና ማስረዳት አላስፈለገም።

«ሳይጨርሰው ነው የሞተው» አለች ሞረዴ።

«አልቋል ነው ያለኝ።» ድምፁ አንሶ አንሶ ነበር። «ተኩስበት ነው ያለኝ፣ ልጄ።»

ሁለተኛ መዋሸት አቃታት።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ይኸው ነው» አለ አጎቷ። «እኔ ደግሞ እውነት መስሎኝ... ይቅር ሲለኝ አምኜው፣ እንቅልፌን ስተኛ...» ሞርሳውን ተደግፎበት ጥቀርሻ የያዘ እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

«ታሞ ሳለ ነጋ ጠባ ‹መጥቶ ወሰደው?› ይለኝ ነበር» አለች። «አልመጣም ስለው ዓይኑን ይጨፍናል።»

«ተስፋ ቆርጦ ነው፣ ወይስ እፎይ ብሎ?»

«አላውቅም ጋሼ። ብጠይቀው ኖሮ...» እንባዋ መጣ። ከሞተ ጀምሮ ለሰው ብላ ስታለቅስ ቆይታለች፤ ይህኛው ለማንም አልነበረም። «ማንን እንደቀበርኩ አላውቅም።»

አጎቷ እጁን ከፊቱ አነሣ። ቀኝ ጉንጩ፣ ሰደፍ የሚያርፍበት፣ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ሞረዴ የጥቁር ሻሿን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ እንደ ሕፃን አገጩን ይዛ፣ ቀስ ብላ ጠረገችለት።