ሞቃት ጥግ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር

ዶክማን ማውሱን ደጋግሞ ተጫነ። ምንም የለም። እንደገና ሲጫን ስክሪኑ ነጭ ሆነና ያቺ ትንሽዬ ክብ መሃል ላይ መሽከርከር ጀመረች።

"ዙሪ እንግዲህ! ዙሪ፣ ማን ከልክሎሽ!" አላት።

"ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አለች ሚስቱ ጆምሱን ከወጥ ቤት፣ ጎመን መክተፏን ሳታቆም።

"ከማንም።"

"እንግዲያው ቀስ ብለህ ተጣላ። ጎረቤት ይሰማል።"

ዶክማን ዓይኑን አንዴ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት፣ አንዴ ወደ ስክሪኑ እያመላለሰ ግንባሩን ጠረገ። ውጭ የደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ የሞክፖ ባሕር ንፋስ መስኮቱን ያንገጫግጨዋል፤ እሱ ግን በካናቴራ ተቀምጦ ያልበዋል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የዘፋኙ የሙሪም ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ ይጀምራል። ሙሪም በጸደይ ጓንግጁ ከተማ መጥቶ ሊዘፍን ነው፤ በአገሩ ያለች እናት ሁሉ ደግሞ የአድናቂዎቹ መለያ የሆነውን ሐምራዊ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ይህን ቀን ስትጠብቅ ከርማለች። ጆምሱንም አንዷ ናት።

ነገሩን በራሱ ላይ ያመጣው ራሱ ዶክማን ነው። ባለፈው ወር ጆምሱን ሰባ ዓመት ሲሞላት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ምሳ ተበላ። አንዱ ልጅ ሞቃት አገር ሄደሽ ተዝናኚ፣ ሌላው ሐብል እንግዛልሽ ሲላት እሷ ራሷን ነቀነቀችና "ሙሪምን በዓይኔ ማየት ነው የምፈልገው" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጆቹ ትኬቱ የሚሸጥበትን ቀን ለማየት ስልካቸውን ሲያወጡ ዶክማን ሶጁ የሚባለውን አረቄ የያዘ ብርጭቆውን አነሳና "ማንም እጁን እንዳያስገባ! የሚስቴን ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ!" ብሎ ፎከረ።

"አባዬ፣ የሙሪም ትኬት እኮ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ነው የሚያልቀው" አለችው ሴት ልጁ ኡንጄ።

"አገር ሙሉ ሰው በሰዓቱ ያደረስኩ ሹፌር ነኝ። ለአንድ ትኬት ልዘገይ ነው?"

እውነቱን ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሲነዳ ኖሯል። በየበዓሉ የሰው ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ የሚወስደው እሱ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ለትኩስ ሾርባ ሲደርሱ እሱ ገና ባዶውን አውቶብስ ይመልሳል። የአዲስ ዓመቱን ሾርባ ጆምሱን ያለ እሱ ከልጆቿ ጋር ብቻ ስትበላ ኖረች። የልደት ቀኗንም እንዲሁ። በዶክማን መዘግየት የተጎዳ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ፊት ለፊት የነገረው ሰው የለም፤ እሱ ግን ያውቀዋል፤ ካረጀ ወዲህም ያንገበግበዋል። ትኬቱ ካመለጠው ልጆቹ ሊስቁበት ይችላሉ፣ ይሳቁ። የፈራው ጆምሱን "ግድ የለም" እንዳትለው ነው። በትዳራቸው ዘመን ያንን ቃል ጠግቦታል።

ክቧ አሁንም ትዞራለች። ኩራቱን ዋጠና ሴዑል ወዳለችው ኡንጄ በቪዲዮ ደወለ። እሷ የምሳ እረፍት ላይ ነበረች።

"አባዬ፣ ስልኩን አዙርና ስክሪኑን አሳየኝ። አፍንጫህን አይደለም፣ ስክሪኑን።"

"ይኸው።"

"ከታች በስተቀኝ ያለችውን ቀስት ተጫናት። ጠብቅ… ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

ከቀስቷ ውስጥ ጋሻ፣ ቁልፍ፣ ደግሞ ጋሻ፣ ዓይን የመሰለ ነገር፣ ሌላም ጋሻ ተግተልትሎ ወጣ።

"ጠባቂዎች ናቸው" አለ ዶክማን ደረቱን ነፋ አድርጎ። "ባንኩ ጠባቂ ፕሮግራም ካልጫንክ አትገባም አለኝ፣ ጫንኩ። ኢንሹራንሱ ጫን አለኝ፣ ጫንኩ። ጡረታውም እንደዚያው።"

"አንተ ያለህ ባንክ አንድ አይደለም እንዴ?"

"የድሮዎቹም አሉ።"

"ሒሳቡን ዘግተህ ጠባቂው ቀረ?"

"ውጣ ያለው ሰው የለማ።"

ኡንጄ በሳቅ ፍርስ አለች። "ስማኝ አባዬ። ኮምፒውተሩን ስትከፍተው እነዚህ ሁሉ አብረው ይነሳሉ። አንተ አንዲት ነገር በተጫንክ ቁጥር ሁሉም በየተራ ይፈትሿታል፤ አንዱ የፈተሸውን ሌላው አያምንም። ለዚህ ነው የሚንቀራፈፈው። አጥፋቸው።"

"ሌባ ቢገባስ?"

"በሩን ሞልተውት ባለቤቱ መግባት አቃተው፣ ሌባው በየት በኩል ሊገባ ነው? ኮምፒውተሩ የራሱ ጠባቂ አለው። የዛሬውን ባንክህን ተወው፣ ሌላውን አሰናብት።"

"እውነቷን ነው!" አለች ጆምሱን ከወጥ ቤት።

ዶክማን አንድ በአንድ ማሰናበት ጀመረ። እያንዳንዱ ከመሄዱ በፊት "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም እያንዳንዱን "ይቅርታ፣ ልጄ ናት ያዘዘችኝ" ይለዋል። ቀጥሎ ኡንጄ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ የሚነሳውን ሌላ ነገር ሁሉ አስቆመችው። ተጫውቶት የማያውቀው የቼዝ ጨዋታ ተገኘ። ከተጣለ የቆየ ፕሪንተር ረዳት ፕሮግራም ተገኘ፤ ጌታው ከሞተ በኋላ እንኳ በየማለዳው ተነስቶ ሥራ ሲጠብቅ ኖሯል።

"ምስኪን" አለ ዶክማን፣ እሱንም አጠፋው።

"አሁን ዕቃ ማስቀመጫውን እንየው። ሞልቷል! ቦታ ከሌለው መሥራት አይችልም እኮ። ምንድን ነው ይሄ? አንዱ የሙሪም ዘፈን ስንቴ ነው የወረደው?"

ጆምሱን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። "እኔ ነኝ። ስጫነው ዝም ሲለኝ አልሰማኝም ብዬ ደግሜ እጫነዋለሁ።"

"ሰምቶሽ ነበር እማዬ። በተጫንሽው ቁጥር አንድ አውርዶልሻል።"

"ታዲያ ለምን እሺ አይለኝም?"

"እንዳባዬ ነዋ!"

እናትና ልጅ ተሳሳቁ። ዶክማን ግን ዓይኑን ከሰዓቱ አልነቀለም። ትርፉን ዘፈን አጥፍቶ፣ ቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጎ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከፈተው። እውነትም ፈጥኖ ተነሳ። የትኬቱ ገጽ ወዲያው ፊቱ ላይ ተዘረጋ፤ ዶክማን ጉልበቱን በጥፊ መታ። ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። ትንሽ ቆይቶ የማውሱ ቀስት መጎተት ጀመረች፤ ክቧም ተመልሳ መጣች።

"አባዬ፣ እረፍቴ አልቋል፣ ስብሰባ ልገባ ነው" አለች ኡንጄ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከፈለግህ እኔ ከዚህ ልሞክርልህ። ለማንም አልናገርም።"

ዶክማን ማውሱን ጨበጥ አደረገ። "አይ ልጄ" አላት። "ይሄንን እኔ ላድርገው።"

ስልኩ ተዘጋ። ጸጥ ሲል ጆሮውን አቀና። ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ ይወጣል። ያን ድምፅ አሳምሮ ያውቀዋል፤ በነሐሴ ሙቀት ዳገት የሚወጣ አውቶብስ ሞተሩ ሲግል ማራገቢያው እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ተንበርክኮ ወደ ጥጉ ሄደ። ሳጥኑ በእጅ የተሰፋ ወፍራም የጥጥ ልብስ ለብሶ፣ ከነልብሱ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ልብሱን ገልጦ ጎኑን ሲነካው እጁን አቃጠለው። ወለሉን ዳሰሰ፤ እሱም ግሏል።

"የኡንጄ እናት! ይሄን ማን አለበሰው?"

"እኔ። አቧራ እንዳይገባበት።"

"እዚህስ ማን አስቀመጠው?"

"እኔ ነኛ። ልጅህ ከሴዑል ድረስ ተሸክማ ያመጣችው ዕቃ አይደል? ከዚያ የተሻለ ሞቃት ቦታ የት አለ?"

ዶክማን ሊጮህ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው። ያ ጥግ ቤቱን ከሚያሞቀው ቦይለር የሚመጣው የሙቅ ውኃ ቧንቧ መጀመሪያ ወለሉ ስር የሚገባበት፣ ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው ቦታ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጆምሱን እሱ መንገድ ላይ በነበረባቸው ዓመታት ክዳን ያለውን የሩዝ ሳህኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ የምታቆየውም እዚያው ነበር። በረዶ ዘግቶት ይሁን መንገድ ተጨናንቆ፣ በመጣበት ሰዓት ቢመጣ ሩዙ ቀዝቅዞ አያውቅም። አሁን ልጇ ያመጣችውን ማሽን እዚያው አስቀምጣ፣ አልብሳ፣ እንዳይበርደው ስትጠብቀው ከርማለች።

"ማሽን ሙቀት አይወድም" አላት በለሰለሰ ድምፅ።

"በዚህ ብርድ?"

"በዚህም ብርድ። ይቀዝቅዘው።"

ጆምሱን ሳጥኑን አዝና አየችው። "ማን ነግሮኝ ልወቅ" አለችና ሽርጧን ፈታች።

ሳጥኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ጀርባውን በቀለም ብሩሽ ጠረጉት፤ ከውስጡ የወጣው አቧራ አንድ ድመት ይወጣዋል። ግን የት ይቀመጥ? የኢንተርኔቱ ገመድ አጭር ነው፣ ሩቅ አይሄድም። እዚያ አካባቢ ከወለሉ ከፍ ያለው ነገር እግሮቿ አጫጭር የሆኑባት የምግብ ጠረጴዛቸው ብቻ ናት። ጆምሱን በበርበሬ የተለወሰውን ኪምቺና ጎመኑን አንስታ ወለሉ ላይ ደረደረችና ጠረጴዛዋን ለኮምፒውተሩ ለቀቀችለት። መስኮቱንም ገርበብ አደረገችለት።

"ያው ለሙሪም ስል ነው" አለች።

"ለኔማ ጠረጴዛ ተለቆልኝ አያውቅም።"

"አንተም ዝፈንና ይለቀቅልሃል።"

ኮምፒውተሩን መልሰው ሲከፍቱት ፉጨቱ ቆሟል። ዶክማን ገጾቹን ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋ፤ ክቧ አልታየችም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ጆምሱን ሐምራዊ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ጉልበታቸውን ያቀዘቅዘዋል።

ሰዓቱ ሲደርስ ተጫነ። ከፊቱ ያለው ወረፋ የአንድ ከተማ ሕዝብ ያክል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ይቀንሳል፣ ማሽኑም አይንገዳገድም። በመጨረሻ የወንበሮቹ ሥዕል ተከፈተ። ባዶ ወንበሮቹን የሚያሳዩት ሐምራዊ ነጥቦች እሱ እያያቸው ይጠፋሉ። አንዱን ተጫነ፤ "በሌላ ሰው ተይዟል።" ሌላውን፤ "ተይዟል።" ከፊት በኩል አንዲት ነጥብ ብልጭ ስትልበት ሳያስብ ተጫናት።

"ያዝኩ! ያዝኩልሽ! ሦስተኛው ረድፍ፣ መሃል!" ብሎ ጮኸ። "የሰውየውን ላብ ሳይቀር ታዪዋለሽ!"

ጆምሱን ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወዲያው "ያንተስ ወንበር?" አለችው።

"አንድ ብቻ ነው የተገኘው። እኔ ውጭ መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ። እንኳን ገንዘብ ከፍዬ፣ እሱ ከፍሎኝም አልሰማው። ከወንድ ጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነው ያ?"

እሷ ግን ስክሪኑን አልለቀቀችም። ጣቷን ዘርግታ ከሥዕሉ መጨረሻ፣ ከግድግዳው ሥር ያሉ ሁለት ነጥቦችን አሳየችው። "እነዚህ ጎን ለጎን ናቸው?"

"ናቸው። ግን እዚያ ሆነሽ ሙሪም ጉንዳን ነው የሚያክልሽ።"

"ባውቶብስህ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ?"

"እኔ እንጃ፣ ብዙ ጊዜ።"

"ሁልጊዜ ከኋላህ ወንበር ነበር የምቀመጠው። ማጅራትህን ሳይ ነው የሄድኩት። አንተና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን የት ሄደን እናውቃለን?" አለችና ሻርፗን አጠባበቀች። "ሙሪምን በቴሌቪዥንም አየዋለሁ።"

ከስክሪኑ ጥግ ላይ የመክፈያው ጊዜ እየተቆጠረ ይቀንሳል። ሦስተኛ ረድፍ! በልጆቹ ፊት ዓመቱን ሙሉ ሊያወራው፣ ብርጭቆ አንስቶ ሊፎክርበት የሚችል ወንበር ነው። ከለቀቀው ወዲያው ይነጠቃል። ኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ እስኪደርስባቸው ላይጠብቁት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም አጥቶ ባዶ እጁን ይቀራል።

ወደ ሚስቱ ዞሮ አያት፤ ጉንጯ በብርዱ ቀልቷል። ከዚያ "ልቀቅ" የሚለውን ተጫነና ቀስቷን ወደ መጨረሻው ረድፍ ወሰዳት።