የበቅሎዋ ስም

ሮማን፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ በርባንክ ሄዳ የምትንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት ወሬ አልዋጥላት ካለ ሰንብቷል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ጦር ጄኔራሎች ሐውልት ከየከተማው ተነቅሎ በሚወርድበት በዚያ እ.ኤ.አ. የ2017 በጋ፣ አሮጊቷ ቴሌቪዥን እያዩ ያለቅሳሉ። ቅድመ አያታቸው፣ ባርነት እንዳይቀር የተዋጋው ጄኔራል፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕል ፈረሱ ላይ ጉብ ብሏል። «ባሮቹን እንደ ልጆቹ ነበር የሚያያቸው» ይላሉ።

«ልጓም የያዘው ጥቁር ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለቻቸው ሮማን ሰኞ ዕለት።

የፈረሱን ስም ነገሯት። የሰውዬውን አያውቁትም።

እሑድ ፌርፋክስ አጠገብ ወዳለው የእነሮማን ቤት ሽማግሌ መጣ። የላከው መዝሙር ነው፤ ቸርች የተዋወቀችው፣ ካለሱ ሌላ የማታስበው የቫን ናይስ ሰፈር ልጅ። አባቷ ጋሽ ዓለምሰገድ ፊታቸው በርቶ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። የመዝሙር አጎት ጋሽ ወልዴ ጀመሩ፦

«አያቴ ኑሩ ይባላሉ። ያደጉት ፊታውራሪ አምላኩ ቤት ነው፤ ልጓም ያዥ ነበሩ።»

ፊታውራሪ አምላኩ የጋሽ ዓለምሰገድ አያት ናቸው። የአባቷ ፊት ሲጠፋ ሮማን አየች።

«ኦኬ... ሶ፣ ዘመድ ናቸዋ!» አሉ አባቷ። «አያቴ ኑሩን እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉት። ዘመድ ከዘመድ አይጋባም።»

ሮማን ጠረጠረች። ዘመድ ሲያገኙ ዘለው የሚያቅፉት ሰውዬ ዛሬ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ደግሞ ይሄ «እንደ ልጅ» የሚሉት ነገር! ተነሥታ ከቡፌው ላይ የፊታውራሪን ፎቶ አነሣች። በቅሎ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ልጆቻቸው በቀኝ፣ ልጓም የያዘ ሰው በግራ። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ፎቶ ነው፣ ጀርባውን ግን አይታ አታውቅም። ከፍሬሙ አውጥታ የአባቷ አባት የጻፉትን ጮክ ብላ አነበበች።

«ፊታውራሪ አምላኩ። ልጆቻቸው ወርቁና አበበ። በቅሏቸው ደርባባ።»

ሌላ የተጻፈ የለም።

«በቅሎዋ እንኳን ስም አላት፣ አባዬ!» እስክሪብቶ አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። «ኑሩ ልጃቸው ከሆኑ ስማቸውን ከወርቁና ከአበበ ጎን ጻፈው፣ እኔም መዝሙርን እተዋለሁ። ካልሆኑ ግን ምን እንደነበሩ ንገረንና ዳረኝ።»

ጋሽ ዓለምሰገድ እስክሪብቶውን አነሡ። ፎቶው ላይ አቀረቀሩ። ምንም ሳይጽፉ መልሰው አስቀመጡት።

«ባሪያ ነበሩ» አሉ፣ ለራሳቸው እንኳን በማይሰማ ድምፅ።

«ጮክ በል፣ አባዬ» አለች ሮማን። «ጋሽ ወልዴ አልሰሙህም።»