የእትዬ ቅስት

ቤተሰቡ «ጥድፊያ» ነው የሚላት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ የማትጠብቅ ልጅ ናት። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቃ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ስታገላብጥ ሲያያት ያልተገረመ አልነበረም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ባለ ስድስት ጎን ቅንጣቶች በፕሮግራሙ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የብርሃን ጨረር እንደ ጉድ ይለቀቅባቸዋል፤ እያንዳንዱ ጨረር ታጥፎ በወጣበት በኩል ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ነጥብ ያርፋል። ነጥቡ ሲጠራቀም በደመና በረዶ ሳቢያ ፀሐይን የሚከበው ቀለበት ይወጣል። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ከቀለበቱ ጎን ያለች አንዲት የደበዘዘች ቅስት ናት። ነርስ የሆነችው አክስቷ ከሥራ ቦታዋ በስልክ ባነሳችው የቀለበቱ ፎቶ ላይ ትታያለች፤ መጻሕፍቱ ግን አያውቋትም። ጥድፊያ የቅንጣቱን ጫፍ አሾለች፣ ወገቡን አቀጠነች፣ አዘነበለችው። በመጨረሻ ቅስቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ይህን የጻፈችበት የምርምር ጽሑፍ ከታተመ ዩኒቨርሲቲው የራሷን ፕሮጀክት ይሰጣታል፤ ለአክስቷም «የቅስቷን ስም በአንቺ ነው የማወጣላት» ብላ ቃል ገባች።

የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ጽሑፉን አንብበው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«እስቲ፣ እንዲህ ያለ ቅንጣት ማን አይቷል?»

«ማንም። ውጤቱ ግን ገጥሟል።»

«እስኪገጥም ድረስ እየጠረብሽው እንዴት አይገጥም? ነገ ለመጽሔቱ ከመላክሽ በፊት ፎቶው እንዴት እንደተነሳ አጣሪ።»

እያጉረመረመች ሆስፒታል ሄደች። አክስቷን በነርሶች ማረፊያ ክፍል ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሳርፍ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ፎቶውን የት ቆመሽ ነው ያነሳሽው?»

«እዚሁ፣ መስኮቱ ጋ ነዋ።»

«ከፍተሽው?»

«በዚያ ብርድ? ሰማይ አነሳለሁ ብዬ ሳንባዬን ላስመታ?»

ጥድፊያ መስኮቱን አየችና ክው አለች። መስታወቱ ድርብ ነው። ስስ ደመና ከለበሰችው ፀሐይ ጎን ሌላ የደበዘዘች ፀሐይ ትታያለች። መስኮቱን ከፈተችው፤ ሁለተኛዋ ፀሐይ የለችም። ዘጋችው፤ ተመልሳ መጣች።

«ቅስት የለም፣ እትዬ። ቀለበቱ ራሱ ነው፤ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ተንጸባርቆ ቁራጩ ወደ ጎን ወጣ።»

«እኔ እኮ ለዋርዱ ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

«እኔስ ላልነገርኩት ማን ቀረ?»

ቤቷ ስትገባ ጽሑፉ እንደተዘጋጀ ኮምፒውተሩ ላይ ጠበቃት። ያንን መስኮት ከእሷና ከአክስቷ ሌላ የሚያውቀው የለም። ለመላክ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ፋይሉን ዘጋችና ያንን የተጠረበ ቅንጣት አጥፍታ ተራውን መለሰች፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ባለው ካሜራ ፊት ደግሞ በጥቂቱ የተዛነፉ ሁለት መስታወቶች አቆመች። ጨረሩን ለቀቀችው።

ቅስቷ ምንም ሳትለመን በመጀመሪያው ሙከራ ወጣች።

ለአማካሪዋ ደወለች። «ነገ የምልከው ነገር የለም።»

«እስቲ፣ ለምን?»

ነገረቻቸው። «ፕሮጀክቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል ማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የመስኮቱን ነገር ግን ጻፊው። በእሱ የሚሳሳት ሌላም አይጠፋም።»

ስልኩን ስትዘጋ የአክስቷ መልእክት ገብቶ ነበር፦ «ቢያንስ መስኮቱን በስሜ ጥሪው።»

ጥድፊያ ሳቀች። አዲሱን ፋይል «የእትዬ መስኮት» ብላ ሰየመችውና ነጥቦቹ እስኪጠራቀሙ ሻይ ጣደች።