የኋላ ሸራ

መኪናዋ አንድ ክንድ እንኳ ሳትሄድ ሲጥጥ ብላ ጮኸች። ድምፁ ግቢውን አልፎ ሴቶቹ እስከተቀመጡበት ክፍል ዘለቀና አልቃሿን ግጥሟን አስረሳት።

«እግዚኦ! ብረት በብረት ሆናለችኮ!» አለ አያ ውበቴ ከመሪው ሥር ሆኖ። የሟቹ የስጦታው ታናሽ ወንድም ነው። ለነገው ሰልስት ሰው ይበዛል ተብሎ እድሩ ሁለተኛ ድንኳን ሊተክል ስለሆነ፣ የወንድሙን ነጭ ኮሮላ ወደ አጥሩ ሊያስጠጋት ነበር። «ነገ አክስቴን ደጀን የማደርሳት በዚህች ነው እንግዲህ? ወይ ጉዴ!»

የሟቹ ልጅ እፀገነት ከፍራሿ አልተነሳችም። ሐዘንተኛ ናት፤ ሐዘንተኛ ይነሳል እንዴ፣ ሰው ይነሳለታል እንጂ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ በተከፈተው በር ግቢውን ታያለች። ሲጥጥታው አዲስ አልሆነባትም። ክረምቱን ሙሉ ስትሰማው ከርማለች። «አባባ፣ ኧረ ይቺን መኪና አሠራት፣ ሰው ሳቀብን» ስትለው መልሱ አንድ ነበር፦ «ቆይ፣ እፀ። ትሠራለች።»

ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከበሩ ጥግ፣ አንዲት ወጣት ብድግ አለች።

«የኋላው የፍሬን ሸራ ነው ያለቀው» አለች ወደ ግቢው። «አዲሱ ከኋላ ወንበሩ ሥር አለ።»

ሁሉም ዞር አለ። ብሩክታይት ናት፣ የሞጣዋ። ስጦታው ከትዳሩ ውጪ የወለዳት ልጁ። ቀብሩ ላይ አልደረሰችም፤ ዛሬ ጠዋት ነው ከሞጣ የገባችው። ገብታም ጮሃ ስታለቅስ ቆይታ፣ ማንም «ወዲህ ቅረቢ» ስላላላት እዚያው በሩ ሥር ነው የተቀመጠችው።

አያ ውበቴ እጁን ወንበሩ ሥር ሰዶ ያልተከፈተ ካርቶን አወጣ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ደውሎ ነግሮኝ ነበር። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አብረን እንቀይረዋለን አለኝ።»

ቅዳሜ ዛሬ ነው። ስጦታው ሐሙስ ራቱን በልቶ ጋደም እንዳለ የደም ግፊቱ ጣለው፤ በዚያው ቀረ።

እፀገነት የቅዳሜውን ወሬ ገና አሁን መስማቷ ነው። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ይህን ቤት የያዘችው እሷ ናት። ሸሚዙን የምታጥብ እሷ፣ ጨው የምትቀንስለት እሷ፣ «ኪኒንህን ዋጥክ?» እያለች የምትነዘንዘው እሷ። ቅዳሜን ግን ለሞጣዋ ነገራት! ቀናች። ሌላ ስም የለውም። አባቷ በተቀበረ ማግስት፣ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» እያላት፣ በእህቷ ቀናች።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለች ከጎኗ ንፍሮ የምትዘግን ጎረቤት፣ አንሾካሾክሁ ብላ።

«አፍንጫዋን አታዪውም? ቁርጥ ስጦታው!»

«እፀገነት እኮ ወደ እናቷ ነው የሄደች።»

ይህንንም ሰማች። የሐዘንተኛ ጆሮ ምን እንደሚነካው እንጃ፣ የማይሰማው የለም።

ግቢው ውስጥ ብሩክታይት ነጠላዋን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ክሪክ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነንኮ» አለ አያ ውበቴ። «ሰው ምን ይላል? መካኒክ ይጠራ።»

«ይቅርብዎ አያ። የሱን ፍሬን ከሱና ከእኔ በቀር የነካው የለም።»

«ኧረ ጉድ!» አሉ ሴቶቹ። አልቃሿም ግጥሟን ትታ በበሩ አንገቷን አሰገገች። ከሱና ከእኔ በቀር! እፀገነት ይህችን ቃል እንደ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ አገላበጠቻት። ልትውጣትም ልትተፋትም አልቻለችም።

ሞጣን ያየቻት አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ነው፣ አባቷ ለዘመድ ሠርግ ይዟት ሄዶ። ከሴቶቹ ጋር አስቀምጧት «ፍሬን ቀይሬ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሰልችቷት ልትፈልገው ብትወጣ ከአንድ ግቢ ሳቁን ሰማች። ስጦታው ሳቂታ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ቢቸና፣ ቤቱ፣ ፈገግ ካለ የዓመት በዓል ነው። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። አባቷ ከመኪናዋ ጎን ተንበርክኳል። አንዲት ትንሽ ልጅ እስከ ክርኗ ጠቁራ መፍቻ ይዛ ትታገላለች። «አዙሪው እንጂ አትግፊው!» ይላታል። «የኋላው ፒስተን እንደ ፊተኛው ተገፍቶ አይገባም፣ እየዞረ ነው። እ! እንደሱ! ጎበዝ!» ደግሞ ይስቃል። እናቷ ሞጣ ሲባል ለምን ዝም እንደምትል ያን ቀን ገባት።

ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ቤት ሲገቡ ግን አባቷን «እኔንም አስተምረኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ፍሬኑን።»

«ተይ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይበላሻል» ብሎ ራሷን ዳበስ አደረጋት። እሷም እንደ ሁልጊዜው ጆግና ሳሙናውን አምጥታ አስታጠበችው። እነዚያን በዘይት የጠቆሩ ጣቶች ስታጥብ ስንት ዓመቷ ነው! ያጠቆረቻቸው ግን ያቺ ናት።

አሁን ያቺ ልጅ፣ ትልቅ ሴት ሆና፣ የፊት ጎማዎቹን ድንጋይ አስደግፋ የኋላውን ጎማ ፈታች። መዳፏን ወደ ውስጥ ሰደደች። ያወጣችውን ስታገላብጠው ቀጭን ብረት ብቻ ነው፤ ሸራ የሚባል ነገር አልቀረበትም።

«ይህን ያህል ተበልቶ ዝም አለ?» አለ አያ ውበቴ። «ያ ሁሉ ጠንቃቃ ሰው? እዚሁ አይቀይረውም ነበር? ግቢው ይኸው፣ ክሪኩ ይኸው!»

«እዚህ አይቀይርማ። ሞጣ ነው የሚቀይረው። መንገዱ ተዘግቶ ከረመና መምጣት አልቻለም።»

እፀገነት ያኔ ነው የገባት። ያ ሁሉ «ቆይ»! ለሥራው ሲመላለስ የዓባይን ቁልቁለት በባዶ ብረት ሲወርድ የከረመው ለዚች ልጅ ብሎ ነው። ብድግ አለች። ሴቶቹ ቀሚሷን ቢይዟት «ልቀቁኝ!» ብላ መነጨቀቻቸውና በባዶ እግሯ ግቢው መሃል ቆመች።

«ገደል ቢገባስ ኖሮ? እ? ላንቺ ብሎ ነው እኮ! እዚህ እየለመንኩት፣ አሠራው እያልኩት፣ ላንቺ ብሎ!»

ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የያዙት ወንዶች ካርታቸውን ጭናቸው ላይ ደፉት።

ብሩክታይት ቀና አላለችም። አዲሱን ሸራ ከካርቶኑ አወጣች፣ ፒስተኑን ቀስ እያለች አዞረች፣ ከዚያ ነው የተናገረችው።

«ሌላ ምን ብሎ ይምጣ፣ እትዬ? ከዚህ ቤት ሲወጣ ምን ብሎ ይውጣ? ልጅ ሆኜ ሸራው ቶሎ እንዲያልቅ ለሞጣ ጊዮርጊስ ስለት እሳል ነበር። እየሰመረልኝ መስሎኝ! ካደግሁ በኋላ ነው የሚያወጣውን ልብ ብዬ ያየሁት። ግማሹ እንኳ አላለቀም። ደህናውን እያወጣ ነበር የሚጥለው።»

እፀገነት መሬት ላይ የተጣለውን ባዶ ብረት አየችው።

«አንድ ቀን» አለች ብሩክታይት፣ «አንድ ቀን እንኳ ምንም ሳይበላሽበት መጥቶ አያውቅም። ቁጭ ብሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምሳ በልቶ አያውቅም። ስንጨርስ ይሄዳል። መፍቻውን ቶሎ እንዳልጨርስ ብዬ እደብቀው ነበር። አንቺ ጋ ግን ዝም ብሎ ይመጣል። አንቺ ምን አለብሽ!»

ይቺም ቀንታ ኖራለች ለካ። ይህን ያህል ዘመን፣ በሌላኛው የመንገድ ጫፍ፣ ያቺን የጆግ ውሃ ስትመኝ። እፀገነትን ቅናቱ ለቀቃት ብል ውሸት ነው። ያን ሳቅ አሁንም ትፈልገዋለች። ለሷ ያልሳቀውን ሳቅ ማን ይመልስላታል? ብቻ እንደ ቅድሙ የምትጮህበት ሰው አጣች።

ማንም ምንም ሳይላት ሄዳ ከደረጃው ጫፍ ተቀመጠች። «ተነሺ እንጂ፣ ይበርድሻል» አሏት። አልሰማችም። ብሩክታይት ሁለተኛውንም ጎማ ፈታ ሸራውን ስትቀይር፣ ብሎኖቹን አጥብቃ ክሪኩን ስታወርድ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። አዟዟሯ፣ ብሎኑን ካጠበቀች በኋላ ጎማውን በመዳፏ ቸብ የምታደርገው ነገር፣ አንዱም የራሷ አይደለም፤ ሁሉም የስጦታው ነው። አባቷ እጁን እዚህች ልጅ ላይ ጥሎት ሄዷል። ቀናችም፣ ደግሞ ማየቷን ማቆም አቃታት።

«አሁን አንድ ሰው ገብቶ ፍሬኑን ይርገጥልኝ» አለች ብሩክታይት። «እስኪይዝ ድረስ ደጋግሞ ነው።»

አያ ውበቴ ወደ በሩ ሲራመድ እፀገነት ቀደመችው።

«እኔ እረግጣለሁ።»

የአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከጎኑ ነበረች። ወንበሩ ለሱ ረጅም እግር ወደ ኋላ ተስቧል። ወደ ጫፉ ተንሸራታ፣ መሪውን ይዛ፣ ባዶ እግሯን ፍሬኑ ላይ አኖረች። ረገጠች። ወለሉ ድረስ ወረደ፤ ከሥሩ ምንም የለም።

«ልቀቂ። ድገሚ» አለች ብሩክታይት ከጎማው አጠገብ።

ደገመች። አሁንም ባዶ። ደገመች። በመሃል አንድ ነገር ከሥር ገፋት፣ ቀስ ብሎ። ደገመች። አሁን ጠነከረ፣ እግሯን ከፍ አድርጎ ያዛት፣ አልወርድም አለ።

«ያዘ!» አለች ብሩክታይት። «ይበቃል፣ ልቀቂው።»

እፀገነት አልለቀቀችም፤ ከሥር የሚገፋት ነገር እንዳይሄድባት ፈራች። ብሩክታይት እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ መስኮቱ መጣች። «እትዬ፣ ያዘ እኮ» አለቻት በለሆሳስ። እፀገነት ቀና ብላ አላየቻትም። ሁለተኛ እግሯንም ጨመረችበት።