«እሺ» ባዩ ግንበኛ

«ኦቦ ጀቤሳ፣ የመጨረሻ ጥያቄ ነው» አለች መዛኟ ጋዲሴ፤ ወረቀቷን ንፋሱ እንዳይወስድባት በክርኗ ተጭናዋለች። «ባለቤቱ ሲሚንቶ ቀንስ ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?»

ጀቤሳን ላብ አጠመቀው። አዳማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ግንብ ሲገነባ እንዲህ አልቦት አያውቅም። አዲሱ መመሪያ የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ግንበኛ ቡድን እንዳይመራ ከልክሏል። ዛሬ ከወደቀ፣ ከሰኞ ጀምሮ እሱ ራሱ ሥራ ያስተማራቸው ስድስት ሰዎች በሌላ ይመራሉ፤ እሱም ከእነሱ እንደ አንዱ ሆኖ ይታዘዛል። የተግባሩን ፈተና ጠዋት እየቀለደ ነው የጨረሰው፤ የግንቡ ማዕዘን ቀጥ ብሎ ሲቆም ጋዲሴ ራሷ «አቤት!» ብላለች። ያስፈራው የቃሉ ነው።

መልሱን ግን ያውቀዋል። ልጁ ሶረቲ ሳምንቱን ሙሉ አስጠንታዋለች፦ «ሥራውን አቁሜ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ አሳውቃለሁ።» ራት ላይ ስትጠይቀው በአንድ ትንፋሽ ይወጣው ነበር። አሁን አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«እሺ እላለሁ።»

ጋዲሴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሺ?»

«አዎ። እሺ እልና፣ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ሁለት ከረጢት እጨምርበታለሁ።»

ጋዲሴ ከንፈሯን ነከሰች፣ አቀርቅራ ጠረጴዛውን አየች፣ አልቻለችም፤ ሳቋ ግቢውን ሞላው። ጀቤሳም መሳቅ አምሮት ነበር፣ ግን ፈራ።

«ምሳውን ይዞ የመጣ ዕለትስ?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

እንደዚያ ያለ ቀን ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ መቂ ላይ፤ ሲሚንቶው እንደጎደለ ተገነባ። ግንቡ እስካሁን ቆሟል፤ ጀቤሳ ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር ዞር ብሎ ሳያየው አያልፍም። «እሱ ቀን ጭንቅ ነው፣ ልጄ» አለ።

«ጥያቄውም የመጣው ለዚህ ነው። ከእንግዲህ ቡድን መሪ በስሙ ይፈርማል፤ ግንቡ ቢሰነጠቅ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። በድብቅ ደግ መሆን አይበቃም፣ ኦቦ ጀቤሳ። አይሆንም ይበሉ።»

«እውነትሽን ነው።»

«ይቺን ስተዋታል» አለችና ወረቀቱ ላይ ጻፈች። «የቀረውን ግን አሳምረው መልሰዋል። አልፈዋል!»

ጀቤሳ ሲነሳ ወንበሩን ገለበጠው። «ገለቶሚ፣ ልጄ! ገለቶሚ!» እያለ በኦሮምኛ እያመሰገናት እጇን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። በሩ ላይ ደርሶ ወንበሩን ሳያነሳ መውጣቱ ትዝ አለው፤ ተመልሶ አነሳው። ለሶረቲ ሲደውልላት እልልታዋ ጆሮውን ሊያደነቁረው ደረሰ።

«ያጠናነውን ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ። እሱን ብቻ ነው የሳትኩት።»

«አባዬ!»

ወደ ቤት የሚወስደው ባጃጅ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩ እንደገና ጮኸ። መልካሳ መንገድ ላይ ያለውን ሕንፃ የያዘው ሥራ ተቋራጭ ብዙነህ ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ጀቤሳ! ሰምቻለሁ። ሰኞ ሁለተኛውን ፎቅ ጀምርልኝ። ብሎኬቱ ትናንት ተመርቶልሃል።»

«ትናንት? ውሃስ ጠጥቷል?»

«ግንቡ ላይ ይጠጣል፣ ምን ችግር አለ።»

የወትሮው ጀቤሳ ቢሆን እሺ ብሎ ስልኩን ይዘጋና ብሎኬቱ እስኪጠነክር ሳምንቱን ሙሉ ክር ሲወጥርና ውሃ ልክ ሲያስተካክል ይከርም ነበር። አሁንም ምላሱ በልማድ ወደዚያው ልትሄድ ነበር።

«አይሆንም» አለ። ድምፁ ስለጎላ ሾፌሩ በመስታወት አየው። «ባልጠነከረ ብሎኬት አልገነባም። ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፤ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

የብዙነህ ሳቅ መጣ። «ወረቀቷን ገና ከመያዝህ አፍ አወጣህ? በል እሺ፣ ሦስት ቀን እናድርገው።»

የጀቤሳ ፊት በፈገግታ ተሞልቷል።

«ሰባት» አለ።