ያልተሰቀሉት የወረቀት ድመቶች

«ባለ ጨረቃዋን ጉጉት ማን ይወስዳት ይሆን?» አለ ከለቅሶው ሰልፍ መሃል አንዱ፣ ድምፁን የቀነሰ መስሎት።

«ባለፈው መስከረም ኢንዲያና ላይ አንዷ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር አውጥታለች» አለው ከኋላው ያለው። «ያቺ ደግሞ ጆሮዋ የታጠፈ ነበር። የላይል እኮ እንደተወለደች ናት።»

«ቀስ በል ሰውዬ! ሚስቱ ትሰማሃለች።»

«ትስማ። ዋጋውን ካላወቀች አንዱ ብልጥ መጥቶ በሃያ ዶላር ይወስድባታል።»

ማክሲን ስታፈር ሰምታለች። ባሏ ላይል በተከፈተው ሣጥን ውስጥ ሰማያዊ ከረባቱን አስሮ ተጋድሟል፤ እሷ ከራስጌው ቆማ ሊሰናበተው የተሰለፈውን ሰው አንድ በአንድ ትጨብጣለች። ግማሹ የቤተ ክርስቲያን ሰውና ላይል በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ያመላልሳቸው የነበሩ ልጆች ናቸው፤ ልጆቹም ዛሬ ሸብተዋል። ግማሹ ደግሞ ከሩቅ መኪና ነድቶ የመጣ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢ ለቅሶ ሲደርስ ዓይኑ ሣጥኑ ላይ፣ ልቡ ግን ሟቹ ቤት ነው።

«እንዲህ ያለ ጥንቁቅ እጅ ከእንግዲህ አይገኝም፣ ወይዘሮ ስታፈር» አሏት አንዲት ሴትዮ።

«አዎ፣ ጥንቁቅ ነበር» አለች ማክሲን። እውነት ነው፤ ቀጣዩንም ሰው ጨበጠች።

ላይል የሚሰበስበው ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከቤት ቤት ከረሜላ የሚለምኑበት የሃሎዊን በዓል ማስጌጫ ወረቀት ነበር፦ ጀርባቸውን ያጎበጡ ጥቁር ድመቶች፣ ጨረቃ ላይ ያረፉ ጉጉቶች፣ መጥረጊያ የጋለቡ ጠንቋዮች፣ እጅና እግራቸው የሚወዛወዝ አጽሞች። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሱቅ በሳንቲም ይሸጣቸው ነበር። ሰው ለአንድ ምሽት ግድግዳው ላይ ሰክቶ በማግስቱ ይጥላቸዋል። ዛሬ የተወደዱትም ያኔ ስለተጣሉ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ዋጋቸውን በግማሽ ያወርደዋል፤ ፕላስተር የነካው ወረቀትማ ሰብሳቢ ዘንድ እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው። ፀሐይ ደግሞ ብርቱካናማውን ቀለም የቀጠነ ሻይ ታስመስለዋለች። ስለዚህ በማክሲን ቤት የሳሎኑ መጋረጃ ተከፍቶ አያውቅም።

ልጃቸው ጆዲ ገና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ አባቷን ትለምነው ነበር።

«አባዬ፣ አንዷን ድመት ብቻ መስኮቱ ላይ እንለጥፋት?»

«የሚመጣው ዓመት፣ የኔ ቆንጆ።»

የሚመጣው ዓመት መጣ፣ ሄደም። በሃሎዊን ምሽት ሰፈሩ በሙሉ በዱባና በመብራት ሲያሸበርቅ የነሱ ቤት እንደ ጨለመ ይቀራል። ማክሲን በሳህን ከረሜላ ይዛ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ጭምብል ያጠለቁት ልጆች ደጃፉ ድረስ ይመጡና «እዚህ ቤት ሰው የለም» ተባብለው ያልፋሉ። የኦሃዮ ሰብሳቢ ሁሉ የሚቀናበት ሀብት ያለው እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ መሆኑን ከነሱ ማንም አያውቅም። ላይልም ጓዳ ሆኖ ድመቶቹን ከአንዱ አቃፊ ወደ ሌላው ያዛውራል።

ሆስፒታል ውስጥ ትንፋሹ እየተቆራረጠ እጇን ጨበጥ አደረጋት። «አታስነኪያቸው» አላት። «እንዳሉ... ለጨረታ ይሂዱ።» ማክሲን ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ጎንበስ ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ዕድሜ ልኳን አብራው ኖራ ስንብቱ ለወረቀት ሆነ። ሰው «ምን ብሎ አረፈ?» ሲላት «በሰላም አረፈ» ትላለች። ለእኔስ ምን ተወልኝ የሚለው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሆዷን ይበላታል።

ሰው ላይልን በተሰናበተ ማግስት ጠዋት ፌይ ማክሲን ቤት መጣች። ፌይ የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች ይዛ የቀብር ምሳ የምታዘጋጅ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ልቧ ቅን ሴት ናት። ትኩስ ድንች በአይብ ምድጃው ላይ አስቀመጠችና እጇን በልብሷ ጠራረገች።

«ማክሲን፣ አንድ ነገር አስቤአለሁ፤ ካልወደድሽው በይ ውጪልኝ በይኝ። የላይልን ወረቀቶች ምሳው የሚበላበት አዳራሽ ውስጥ ብንሰቅላቸውስ? ሰው ሁሉ ስለነሱ ያወራል እንጂ ያያቸው የለም።»

«እኔም አላየኋቸው» አለች ማክሲን። «ተሰቅለው ማለቴ ነው።»

«በይ እንግዲያው! ጓደኛ ምን ይሠራል? ያ ግድግዳ ምስማር አይወድም፣ ግን ጠንካራ ፕላስተር ገዝቻለሁ። ንቅንቅ አይሉም።»

ማክሲን አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ያ ቃል የላይል ቃል ነው፤ አታስነኪያቸው፣ አትክፈቺ፣ የሚመጣው ዓመት። ንዴቷ ከሐዘኗ ቀድሞ ተነሣ። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች፤ የጓዳውን ቁልፍም አንስታ በፌይ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ላይልን ከቀበሩ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወዳለው አዳራሽ ወረደ። ማክሲን ደረጃው መጨረሻ ላይ ስትደርስ ቆመች። ግድግዳው በሙሉ ብርቱካንና ጥቁር ሆኗል። ድመቶቹ ከቡናው ማሽን በላይ ተደርድረዋል፤ ጠንቋዮቹ ጄሎ በሚሉት አረንጓዴ ጣፋጭና በአሳማው ሥጋ ላይ ይበርራሉ፤ ባለ ጨረቃዋ ጉጉት መሃል ላይ ሆና ሕዝቡን ታያለች። ሕፃናት የአጽሞቹን እግር እየጎተቱ ያስጨፍራሉ። ቀለሙ ትናንት የታተመ ይመስላል። ያማሩ ነበሩ። ማክሲን ይህን ያህል ማማራቸውን አታውቅም ነበር።

ጆዲ ከአንዲት ድመት ሥር ቆማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። «እማዬ፣ የለመንኩት ይቺን ነበር። ይቺኑ!»

ያን ጊዜ ቨርነን ኩንትዝ ገባ። ቨርነን በየጨረታው ከላይል ጎን ሲቀመጥ የኖረ፣ አብሮት ያረጀ ሰብሳቢ ነው። ሣህኑን እንደያዘ ወደ ጉጉቷ ሄደ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሩ ነካ አደረገው፣ ወዲያው እንደ ተቃጠለ ሰው እጁን መለሰ።

«ይሄን ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፌይ ፈገግ ብላ። «ምነው፣ ጠመመብኝ እንዴ?»

«ጠመመብኝ ትለኛለች! ፌይ፣ የአንድ አዲስ መኪና ዋጋ እኮ ነው ግድግዳ ላይ የለጠፍሽው! ፕላስተሩ ሲነሣ ፊታቸውን ይዞ ነው የሚነሣው። ሰውየው ይህን ሁሉ ዘመን በትንፋሹ እንኳ እንዳይነካቸው...»

ሰዉ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። የፌይ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ እኮ ወረቀት ነው ብዬ...»

«ፌይን ተዋት፣ ቨርነን» አለች ማክሲን። «ፕላስተር መሆኑን አውቄ ነው የሰጠኋት። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

ቨርነን ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አንቺ? ለምን ብለሽ?»

«ዕድሜዬን በጨለማ ኖርኩላቸው። ሲሞት እንኳ የነሱን ነገር ነው የነገረኝ። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ምሳ ልያቸው አልኩ።» ድምፏ ተሰበረ። «አሁን ደግሞ ደስ አላለኝም። ያን የመሰለ ልፋቱን በመቃብሩ ዕለት አበላሸሁበት።»

ቨርነን ሣህኑን አስቀመጠ። በኋላ ከኮቱ የውስጥ ኪስ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይህ ከባድ ቀን አልፎ፣ ቤትሽ መጥቼ ልሰጥሽ ነበር ያሰብኩት። በጸደይ ሲታመም ለማክሲን ስጥልኝ ብሎ እኔ ዘንድ አስቀመጠው። ያንቺ ነው።»

የካርቶን ግማሽ ዱባ ነው፤ በሁለቱ ገጾቹ መካከል ብርቱካናማ ስስ ወረቀት ተደራርቦ ተጣብቋል። ሁለቱን ገጾች ሲገልጧቸው መሃሉ እንደ ማር እንጀራ እየተከፈተ ድቡልቡል ዱባ ይሆናል። ማክሲን አየችው፣ አወቀችውም። የገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ፣ የሃሎዊን ጭፈራ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ዱባዎች። ጆሮው እስኪቀላ ያፈረ አንድ ረጅም ልጅ አዳራሹን አቋርጦ መጣና «ካልደከመሽ...» ብሎ ቀሪውን መናገር አቃተው። ደክሟት ነበር፤ ግን ተነሣች።

«አርባ ዶላር የማያወጣ ዕቃ ነው» አለ ቨርነን። «ጨረታ ላይ ከአንዲት የሚሺጋን ሴትዮ ጋር ተፋጥጦ በአራት መቶ ገዛው። አዳራሹ በሙሉ ሳቀበት። አንተ ሰውዬ አበድክ ወይ ብለው፣ የማክሲን ነው አለኝ። በጋብቻችሁ መታሰቢያ ቀን ሊከፍትልሽ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልከፈተልኝ?»

«ሙጫው ደርቋላ። የዚህ ዓይነቱ አንዴ ቢከፈት ነው፤ ያም ከተከፈተ። ቢቀደድብኝስ ይላል። በየዓመቱ ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ ለሚመጣው ዓመት ብሎ ይመልሰዋል። አንቺ ፊት እንዳይቀደድበት ፈርቶ።»

ማክሲን ዓይኗን ጠረገች። «ፈሪ!» አለች። «እኔ ደግሞ ንፉግ ነው እያልኩ ኖርኩ። ውይ ላይል፣ አንተ ፈሪ!»

ዱባውን አነሣችው። ቨርነን ከወንበሩ ተነሣ።

«ማክሲን፣ ይቀደዳል እኮ።»

«ይቀደድ።»

ቀስ እያለች ገለጠችው። የደረቀው ሙጫ እየተንኮሻኮሸ ለቀቀ። ከሥሩ በኩል ተሰነጠቀ፣ ትንሽ ቁራጭም ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ቀሪው ግን እጥፍ በእጥፍ ተነሥቶ ሞላ፤ ብርቱካንነቱም ፀሐይ ያላየው ብርቱካን ነበር። ጆዲ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሁለቱን ጠርዞች የሚያያይዘው ሽቦ ድሮ ዝጎ ወድቋል፤ ስለዚህ ማክሲን ጠርዞቹን ገጥማ በጣቶቿ ያዘቻቸው።

ሰዉ እየተሰናበታት ወጣ። ቨርነን ለፌይ የፀጉር ማድረቂያ እንድታመጣ ነገራት፤ ፕላስተሩን አሙቀው በትዕግሥት ካነሡት ከወረቀቶቹ ጥቂቶቹ ይተርፉ ይሆናል። ሴቶቹ ሣህን ሰብስበው ማጠብ ጀመሩ። ማክሲን ዱባውን እንደያዘች ከጠረጴዛው አልተነሣችም።

«አስቀምጪው እንጂ» አለቻት ፌይ አጠገቧ ቁጭ ብላ። «ክንድሽ ዛለ እኮ።»

«ብለቀው ይከደናል» አለች ማክሲን፤ ቀስ ብላም ጠርዞቹን ወደ ግራ እጇ አዛወረቻቸው።