ሁለት ዓመት ያልሞላው ሥራ ፈት

ኬይዮ እዚህ ፊንላንድ፣ ሳይማ ሐይቅ ዳር የጀልባ መጠገኛ ቤት አለው። አብረን ነው የተማርነው፤ «ግንዱ» የሚል የፌዝ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። የወረቀት ፋብሪካው ተዘግቶ ሜዳ ላይ ስቀር ግን ደጅ የጠናሁት እሱኑ ነው።

በእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ውስጥ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ እየደፋ፣ «ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። «ግን አሁን ብቀጥርህ ደመወዝህ ሙሉውን ከኪሴ ነው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትተህ ከተቀመጥክ ግማሹን መንግሥት ይችልልኛል።»

«ስንት ቀረኝ?»

«እስከ በጋ ነው። እስከዚያ አደራህን፣ ሥራ የሚባል እንዳትነካ። እንዳትበላሽብኝ!»

እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ቤቴ ተቀመጥኩ። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። በረዶ ልጠርግ አካፋ ሳነሳ ጎረቤቴ በመስኮት ይጮህብኛል፦ «ታውኖ! ተው እንጂ፣ ራስህን ጠብቅ!» እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

በረዶው እንደቀለጠ የመንደሩ ደቦ ተጠራ፤ የጀልባ መቆሚያው የእንጨት ድልድይ ሊጠገን። ከደቦ የቀረ ሰው ሰላምታ ይነፈገዋል። እርግጥ ድሮም ብዙ ሰላምታ የለንም፤ ያቺው ያለችውም ትቀራለች።

«ደቦ ሥራ ነው እንዴ?» ብዬ ኬይዮን ጠየቅሁት።

«ደመወዝ የሌለው ነገር ምኑ ሥራ ነው? ሂድና የደቦውን የአተር ሾርባ ጠጣ።»

ሄድኩ። ጣውላ ተሸከምኩ፣ ሚስማር መታሁ። የመንደራችን ሰው ኦርቮ ግን አልመጣም። ኦርቮ ሥራ ከፈታ ስንት ዘመኑ ነው፤ ደቦ በተጠራ ቁጥር ወገቡን ይይዘዋል። የመንደሩ ማኅበር ሊቀመንበር ሂልካ በሥራዬ ተደስታ በጭስ የበሰለ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እዚያው ላይ ብታበቃ ምን ነበረበት? እሷ ግን ውለታ ልትውልልኝ ከተማ ድረስ ሄዳ ለሥራ አጦች ቢሮ ሹም መሰከረችልኝ፦ «እንዴት ያለ ትጉህ ሰው መሰለሽ! እኛም ባዶ እጁን አልሰደድነውም።» የኛ ሰው ሳይጠየቅ እውነት መናገር ይወዳል።

ሹሟ አስጠራችኝ።

«ዓሣ ተቀብለዋል?»

«አዎ።»

«ለሠሩት ሥራ?»

«ኧረ ለደቦ ነው!»

«በዓይነት የተከፈለ ደመወዝ ይባላል። ሥራ አጥነትዎ ተቋርጧል። እንኳን ደስ አለዎት።»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

«ሥራ አግኝተዋላ! ቆጠራው ከዛሬ እንደ አዲስ ይጀምራል።»

ለኬይዮ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምን ላድርግህ? በገዛ አፍህ ነው የበላኸው። በል ሁለት ዓመት ተኝተህ ና።»

በሳምንቱ ኦርቮን ቀጠረው። መስፈርቱን አንድም ሳያጎድል አሟልቶ ነበር። ሹሟ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አጥ አይቼ አላውቅም አለች አሉ።

ትናንት ኬይዮ በሬን አንኳኳ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ኦርቮ የሰው ጀልባ ወለሉን በመሰርሰሪያ በሳው። ና እስቲ አንተ አሳየው። አንድ ሳምንት ብቻ።»

«ትከፍለኛለህ?»

«ብከፍልህማ ቆጠራህ ይቋረጥብሃል። ለአንተው ብዬ እኮ ነው!»

በሩን ዘጋሁበት። በመስኮት ሳየው ራሱን እየነቀነቀ፣ ከልቡ እያዘነልኝ ወረደ።